የጎረቤቴ ብቅል

በደርግ ጊዜ ሆሳዕና ውስጥ የባልትና መምህርት ነበርኩ። የሌላ ሰው ልጆችን ምግብ አሠራር የማስተምረው እኔ፣ የሦስት ዓመት ልጄን አፍ ማስከፈት አቃተኝ።

ስኳር የሚገኘው ከቀበሌ ሱቅ በኩፖን ብቻ ነበር፤ የወሩ ድርሻችን ደግሞ ወሩን አያጋምስም። ስኳሩ ሲያልቅ ልጄ ማንኪያውን በእጇ ትመልሰዋለች። ትምህርት ቤት ስውል የምትይዝልኝ ጎረቤቴ ግን ያለ አንድ ፍሬ ስኳር ታበላታለች። አንድ ቀን በአጥሩ ቀዳዳ አየኋቸው። ልጄ ጉንጯ በቡላ ገንፎ ተለውሶ፣ የሴትዮዋ ጭን ላይ ተቀምጣ ጣቷን ትልሳለች። ቅናት አንገበገበኝ። ምን አባቷ እያበላቻት ነው?

ጠየቅኋት። ከጃጁራ የመጣች የሀድያ ሴት ናት፤ አማርኛዋ አጭር አጭር ነው።

«ብቅል ነው እህቴ» አለችኝ። «ገብስ ነክሬ አበቅላለሁ፣ አደርቃለሁ፣ እፈጫለሁ። አንቺ ቡላውን አገንፊ፣ ከእሳት አውርጂ። ጣትሽ ሲችለው ብቅሉን ጨምሪ፣ ክደኚው። ራሱ ይጣፍጣል።»

አንድ ጭብጥ ዱቄትም ሰጠችኝ። እኔ ግን አላመንኳትም። ብቅል የማውቀው ለጠላ ነው፤ ደግሞ ያልበሰለ ዱቄት ለሕፃን ይሰጣል? ማር ደብቃ ነው አልኩና፣ ከሰጠችኝ ግማሹን እሳት ላይ በሚፈላው ቡላ ጨምሬ አንተከተክሁት። እንደ ጭቃ ወፈረ። ልጄ ቀምሳ ተፋችው። ደስ አለኝ! ተንኮሏን የያዝኩ መስሎኝ፣ ሳምንት ሙሉ ለሰላምታዋ በግንባሬ ብቻ መለስኩላት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ልጄ ደግሞ ቁርሷን እምቢ አለች። ንዴቴን ውጬ በቀረችው ብቅል ልክ እንደተባልኩት አደረግሁ፤ አውርጄ አቀዘቀዝኩ፣ ጨመርኩ፣ ከደንኩ። ቆይቼ ስከፍተው፣ ማንኪያ ያቆም የነበረው ገንፎ ቀጥኖ ይንቀሳቀሳል። በጣቴ ቀመስኩት፤ ጣፍጧል። ለካ ብቅሉ የሚያጣፍጠው ቡላውን ራሱን ነው፤ እሳት ላይ ሲንተከተክ ግን ጉልበቱ ይሞታል። ሴትዮዋ አንዲት ቃል አልዋሸችኝም። ይኸም አናደደኝ።

ልጄ ግን በላች። ከእጄ፣ ማንኪያ በማንኪያ፣ አፏን እየከፈተች በላች። ዕንባዬ መጣ። አሸነፍኩ አልኩ በሆዴ።

ጥቂት ሲቀራት እጄን ያዘችና በስሜ ጠራችኝ። «ይቺን ለእማዬ እንውሰድላት» አለች።

እማዬ የምትለው ጎረቤቴን ነው።