የእንግዳ ብርድ ልብስ

በሰፈራችን መርፌ የምንላት ልብስ ሰፊ አለች። ቀጭን ናት፣ ትዋጋለች፣ ወድቃ እንኳ ትወጋለች። ሱሪ ሊያሳጥር የሄደ ሁሉ ምክር ይለግሳታል፤ ምክር አያከስርማ።

«እስቲ አሁንስ ይቅር በያት! ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት።»

እሷም ክሯን በጥርሷ በጠስ አድርጋ «ሳሉን ያመጣችብንስ ማን ሆነችና?» ትላለች።

ይቅር በያት የምትባለው ሴትዮ፣ መርፌና ታናሽ እህቷ ያደጉበት የችግረኛ ሴት ልጆች ማሳደጊያ ኃላፊ የነበረችው ናት። ልጆቹን ሰልፍ አስይዛ «እማዬ በሉኝ» ብላ አወጀች። እናትነት በአዋጅ! ፊት ለፊት «እማዬ» እያሉ በ«እርስዎ» ያናግሯታል፤ ዞር ስትል ግን ቁልፊት ናት። ከወገቧ የማይለይ የቁልፍ ዘለላ ነበራት፤ ቅጭልጭልታው ከእሷ ቀድሞ ይደርሳል።

መኝታ ቤቱ ረጅም ክፍል ነው። ግራና ቀኝ የብረት አልጋ፣ መሃል ለመሃል እርጥበት የማይለቀው ሲሚንቶ፣ ከመስኮቶቹ ባንዱ በመስታወት ፈንታ ካርቶን። ከካርቶኑ ሥር የምትተኛው ትንሿ ናት፤ የመርፌ ታናሽ። የምትለብሰው ብርድ ልብስ ዱቄት ቢነፋበት ይወጣዋል። በላይዋ ግድግዳው ላይ «እያንዳንዷ ልጅ ልዕልት ናት» ተብሎ በቀለም ተጽፏል። ልዕልቶቹ አፍንጫቸውን በእጅጌያቸው ይጠርጋሉ።

ብርድ ልብስ ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ። በጎ አድራጊዎች የሰጡት ቀይ፣ ወፍራም፣ እጅ የሚያሰምጥ ብርድ ልብስ ዕቃ ቤት ተቆልፎበታል። እንግዳ ሊመጣ ሲል ቀዩ ይወጣና በየአልጋው ይነጠፋል። እንግዳው እግሩን ሲያነሳ ቁልፊት ከአልጋ አልጋ እየዞረች ትገፍፋለች፣ ታጥፋለች፣ ትቆልፋለች።

«የእናንተው ነው እኮ! እንዳይቆሽሽባችሁ ላስቀምጥላችሁ ብዬ ነው።»

ወገኖቼ፣ የገፋፊ ሁሉ ቋንቋ አንድ ነው፤ የእናንተው ነው፣ እኔ ልያዝላችሁ!

አንድ ክረምት ትንሿ ማሳል ጀመረች። ሳሉ ከደረት ወደ ሆድ፣ ከሆድ ወደ ዓይን ወጣ፤ ዓይኗ ጎደጎደ። መርፌ ቢሮ ሄደች።

«እማዬ፣ አንዷን ቀይ ለእህቴ ይስጡልኝ። ሲሻላት እመልሳለሁ።»

ቁልፊት ከማሞቂያዋ ፈቀቅ ሳትል «ለሷ ከሰጠሁ ነገ ሁላችሁም ልታስሉብኝ ነው» አለች። «ደግሞ ብርድ ካላቀበጡት ይተዋል።»

መርፌ ወጣች። አላለቀሰችም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ብዙም ሳይቆይ ብርድ ልብሶቹን ያሰጠችው ሴትዮ ራሷ እንደምትመጣ ተሰማ። ቁልፊት የአንዳንዱ ጠርዝ መተርተሩን አይታ መርፌን ጠራች።

«አንቺ! ጠርዝ ጠርዙን ጥብቅ አድርጊና አንጥፊው። እንዳታሳፍሪኝ።»

«እሺ እማዬ። ጥብቅ አደርገዋለሁ።»

አደረገችውም። የፍራሽ መስፊያውን ትልቅ መርፌና ሲባጎ አውጥታ፣ ቀዩን ሁሉ በግራ፣ በቀኝና በግርጌ ከፍራሹ ጋር ሰፋችው። ልጅ የምትገባበት ራስጌው ብቻ ቀረ። ሌሎቹ ልጆች በር ላይ ዘብ ቆሙ፤ ቅጭልጭልታ ሲሰሙ መዝሙር ያነሳሉ። ቁልፊት ኮሪደሩ ላይ ሆና «አቤት ጨዋነት!» ትላለች።

እንግዳዋ መጣች። ጃንጥላዋን በሩ ኋላ አስደግፋ ገባች፣ የልዕልቶቹን ጽሑፍ አንብባ ዓይኗን ጠረገች፣ ቀዩን ዳሰሰች፣ ትንሿን አቀፈች። አልጋ ገልጦ ማየት የሚባል ነገር እሷም አልለመደባትም። መርፌ በዚህ መሃል ጃንጥላውን እህቷ አልጋ ሥር ከተተችው። ሰማዩ እንደጠቆረ ነው፤ በዝናብ ወቅት ጃንጥላ የረሳ ሩቅ አይሄድም።

ቁልፊት መኪናው እስኪነሳ እንኳ አልታገሠችም። ከካርቶኑ ሥር ጀመረች።

«ተነሺ! ቲያትሩ አለቀ!» ብላ የትንሿን ቀይ ሳበች። ፍራሹ አብሮ መጣ። በፍራሹ ላይ ትንሿ መጣች።

«ምን ነክቶት ነው ይሄ?» አንድ እግሯን ከአልጋው ብረት አስደግፋ ባላት ኃይል ጎተተች። የኮቷ ብብት ጠረረር ብሎ ተቀደደ፤ እመቤት በቂጧ ሲሚንቶው ላይ ዘጭ! ቁልፎቹ አጨበጨቡላት።

«እማዬ፣ ላግዝዎት?» አለች መርፌ።

«ዝም በይ! መቀስ አምጪ! እንግዳ ሄዷል፤ ከእንግዲህ ለማን ልታምሩ ነው?»

እንግዳዋ በር ላይ ቆማለች፤ ፀጉሯ ካፊያ ይዞታል።

«ጃንጥላዬን ረስቼ...» አለችና ዓይኗ አልጋው ላይ አረፈ። ትንሿ አሳለች። «የታመመች ልጅ ለምን ይገፍፏታል?» አለች እንግዳዋ።

«ለ... ለማጠብ ነው።»

«አሁን ተነጥፎ የዳሰስኩትን?»

ያኔ መርፌ ማር በመሰለ ድምፅ «አይ፣ እንዳይቆሽሽብን ነው» አለች። «እማዬ ሁልጊዜ እንግዳ ሲሄድ ያስቀምጡልናል።»

ዕቃ ቤቱ ተከፈተ። የክረምቱ ጫማ ከነካርቶኑ፣ ሹራቡ ከነላስቲኩ ተገኘ፤ እንዳይቆሽሽ! ቁልፊት ቁልፏን አስረከበች። ቀዩ ብርድ ልብስ ግን የትም አልሄደም፤ የት ይሂድ፣ ተሰፍቶ! ትንሿ ሲሞቃት ሳሉ እየራቀ ሄደ።

ቁልፊት ሻንጣዋን ይዛ የወጣችበት ጠዋት ብርዳም ነበር። በተቀደደው ብብቷ ነፋሱ ይገባል። በሩ ላይ መርፌን አየችና ለመጀመሪያ ጊዜ «ልጄ» አለቻት። «ልጄ፣ ይቺን ያዝ ያዝ አድርጊልኝ፤ ብርዱ ገደለኝ።»

«ክር አልቋል እማዬ፤ አልጋው ላይ ጨረስኩት» አለች መርፌ። «ደግሞ ብርድ ካላቀበጡት ይተዋል።»

ዛሬ ትንሿ የራሷ ትንሽ አላት። ቀዩ ብርድ ልብስ ከነፍራሹ የዚያች ሕፃን መኝታ ነው። ለመካሪዎቿም መርፌ ቁርጥ ያለ መልስ አላት፤ «ያ ስፌት የተተረተረ ቀን ይቅር እላታለሁ።»

ክረምት በመጣ ቁጥር ግን እህቷ ቤት ትሄዳለች፤ በአሮጌው ስፌት ላይ አዲስ ክር ትደርባለች።