የማንን ሣር በልቶ

ሮቤ ላይ ጋሪ በተሳፈርኩ ቁጥር የፈረስ ላብ ሽታ አፍንጫዬን ያስይዘኛል። ወዲያው በሐሳቤ ወደ ልጅነቴ፣ ወደ ጎባ እመለሳለሁ፤ የጥምቀት ማግስት ነው፤ አባቴ ትከሻ ላይ ተቀምጫለሁ።

አባቴ የፊታውራሪ ጸሐፊ ነበር። ያን ቀን ሜዳው ላይ የፈረስ እሽቅድምድም ተደርጎ፣ ለአሸናፊው ካባ ተዘጋጅቶ ነበር። የፊታውራሪ ጭሰኛ ሁሴን በዳማ ፈረሱ ጌታውን ቀድሞ ገባ። ፊታውራሪ ዘግይተው ደረሱና ከፈረሳቸው ሳይወርዱ ጠየቁት።

«አንተ፣ ይህ ፈረስ የማንን ሣር በልቶ ነው የሮጠው?»

«የርስዎን፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው የቀደምኩት እኔ ነኝ።»

ዳኞቹ ሳቁ፤ ካባውንም ለፊታውራሪ ደረቡላቸው። እሳቸውም የዳማውን አንገት መታ መታ አደረጉና በላብ አረፋ የራሰ እጃቸውን በሁሴን ጋቢ ጠረጉት። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አባቴም እግሬን ለቆ አጨበጨበ፤ እንዳልወድቅ ፀጉሩን ጨብጬ ያዝኩ።

«አባዬ፣ የቀደመው ሁሴን አይደል?»

«ዝም በይ። እንጀራችን በሳቸው እጅ ነው።»

ሁሴን ፈረሱን እየሳበ በአጠገባችን ሲያልፍ አባቴን ቀና ብሎ አየውና በኦሮምኛ «ፈርዲ ኒ ቤካ» አለው። ፈረሱ ያውቃል ማለቱ ነው። ምኑን እንደሚያውቅ ያኔ አልገባኝም።

ትናንት ባለጋሪው ፊቴን ሳጨማድድ አይቶ፣ «እማማ፣ ፈረሱ ሸተተዎት መሰለኝ» አለኝ።

«ፈረሱማ ሮጦ ነው ያላበው» አልኩት። «እኔን የሚሸተኝ ያጨበጨበ እጅ ነው።»