ኦል!

በአርሲ ምድር እንደኔ ታንኳ የሚቀዝፍ አልተወለደም፤ የቀዘፍኩት አንዴ ብቻ ቢሆንም። የአሰላ ቦይ በክረምት ሲያጓራ ያ ቀን ይመጣብኝና ደሜ ይፈላል።

ልጅ ሆኜ ከዴራ በታች አዋሽን ስሻገር ነው። እናቴ ከማዶ ቆማ ትጠብቀኛለች። ባለታንኳው ኦቦ ቱፋ ግን የታንኳዋን አፍንጫ ከእናቴ ሽቅብ አዞሩት።

«እናቴ እዚያ ናት! ወዴት ነው የሚወስዱኝ?»

«ዝም በል! ወደ እሷ የሚያወርደን ውሃው ነው። አንተ ኦል በል፣ ኦል!»

ኦል በኦሮምኛ «ወደ ላይ» ነው፤ ይህንማ አውቃለሁ፤ እኔን ማን ያስተምረኛል! መቅዘፊያዬን ወደ ሰማይ ቀጥ አደረግሁት። ውሃው እናቴን አሳልፎ ቁልቁል ይዞን ነጎደ።

«ወንዙን ሽቅብ እንጂ ሰማዩን ቅዘፍ አልኩህ?» ኦቦ ቱፋ አበዱ። እናቴ ዳር ዳሩን እየሮጠች ሁለታችንንም ትረግማለች። እኔም በሽቄ ኦቦ ቱፋንም አዋሽንም ስሰድብ የዳር ቁጥቋጦ ያዘን።

ሱሪዬን ያራሰው ግን አዋሽ አልነበረም፤ እኔው ነኝ።