አባባን ያስቀመጥኩበት ቀን

አባቴ አዲስ አበባ ሠላሳ ዓመት ታሪክ አስተምረዋል። ካናዳ፣ ካልጋሪ የመጡት እናቴ ካረፈች በኋላ ነው፤ ሳቫና በሚባለው ሰፈር ካለው ቤታችን ብዙም አይወጡም ነበር።

ልጄ ስለ ሮማ ነገሥታት ክፍሏ ውስጥ ፕሬዘንቴሽን ስታቀርብ ወላጆች ተጋበዝን፤ አባባንም ይዣቸው ሄድኩ። ሙሉ ልብስ ለብሰው ነበር። ልጄ ስትጨርስ መምህሯ፣ "ያን ያህል ሥልጣን እያላቸው ለምን ብዙዎቹ ተገደሉ?" ብላ ጠየቀች። ከልጆቹ የመለሰ አልነበረም። አባባ እጃቸውን አወጡ።

"ብዙ ጊዜ የሚገድሏቸው የራሳቸው ጠባቂዎች ነበሩ" አሉ፣ እየተንተባተቡ በእንግሊዝኛ። "አንዳንዱ አዲስ ንጉሥ የሟቹን ሐውልት ፊት አስፍቆ የራሱን ያስቀርጻል። ሕጋቸው ግን..." ቃል ጠፋቸውና ቆሙ። ሁለት ልጆች ተያይተው ሳቁ። ፊቴ ጋለ።

"አባባ፣ ይበቃል፤ ይቀመጡ" አልኳቸው በአማርኛ። ወደ መምህሯም ዞሬ "ሶሪ" አልኩ።

ተቀመጡ። መምህሯ "ኧረ ይጨርሱ፣ መስማት እፈልጋለሁ" ብትልም ፈገግ ብለው እምቢ አሉ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ልጄ፣ "አያቴ፣ ሕጉ ምን ሆነ?" አለቻቸው።

"ሕጉማ ነገሥታቱ ካለፉም በኋላ ሳይጠፋ ቆየ፤ ብዙ አገር ዛሬም ከእሱ በወሰደው ይዳኛል" አሏት። ለእሷ በአማርኛ ሲያስረዱ ድምፃቸው የድሮው የመምህርነታቸው ድምፅ ነበር።

ይቅርታ የጠየቅኳቸው ከሳምንት በኋላ ነው።

"እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፣ ልክ ነሽ" አሉኝ። "መልሱን ግን አውቀዋለሁ።"