የአንድ ሰው ማሞቂያ

ከእጃጂ የወጣሁ ማታ እናቴ ልትመርቀኝ አፏን ስትከፍት ሳል ያዛት። እርጥብ የባሕር ዛፍ ነበር የሚነደው፤ ቤቱ በጭስ ታፍኗል። «ገመቹ፣ ዋቃ...» ትልና ትስላለች፣ እንደገና ትጀምርና ትስላለች። ድንበር አሻጋሪው ውጭ ቆሞ ያፏጫል። ምርቃቱ ሳያልቅ ወጣሁ። ምን እንደሸሸሁ የአምቦ ሰው ያውቀዋል፣ አልደግመውም። በረሃውንና ባሕሩንም ሌሎች ጽፈውታል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ሸብቶ ጀርመን አገር የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ነው፤ ያስተማረኝም አንድ ጎጃሜ ነው። ስለዚህ ማንም ያልነገራችሁን ልጻፍ፤ ስለ ሙቀት።

የወንጪ ብርድ ፀሐይ ስትወጣ ያፍራል። የዚህ አገሩ ግን ከግድግዳው ጋር ተጋብቶ ይኖራል። ሃይዙንግ የሚሉት የግድግዳ ማሞቂያ አለ፤ ጭስ የለው፣ አመድ የለው። እኔ እሱን እስከ መጨረሻው ከፍቼ መስኮቱንም እከፍታለሁ። እሳት ያለበትን ቤት ዘግቶ የተኛ ሰው ሬሳው እንደሚወጣ እኛ አገር ማን ያጣዋል? አከራዬ ፍራው ሄልጋ ግን ከታች ሆና አየችኝ።

«ሄር ገመቹ፣ ሰማዩን ነው እንዴ የሚያሞቁት?»

«እንዳልሞት ነው።»

«በዚህ ዓይነት እኔ ነኝ የምሞተው» አለችና የማሞቂያ ፍጆታ የሚመረምር አማካሪ ላከችብኝ።

አማካሪው ሸምገል ያለ፣ ትሑት ሰው ነው። ካርቦን ማለት ዓይን የማያየው ጭስ እንደሆነ፣ እያንዳንዱ ቤት የሚያወጣው እንደሚሰላ አስረዳኝና ጥያቄውን ጀመረ።

«ሥጋ?»

«በዓል ሲሆን።»

«መኪና?»

«የለኝም።»

«አውሮፕላን?»

«የስደተኛ ወረቀቴ አውሮፕላን ላይ አያወጣኝም።»

«ግሩም ነው» አለ። ድህነቴን እንደ ጾም ቆጠረልኝ። ማሞቂያው ላይ ሲደርስ ግን ፊቱ ጠቆረ። «አንድ ሰው ሆነው ቤት ሙሉ ያሞቃሉ። አብሮዎት የሚኖር ቢኖር የየራሳችሁ ድርሻ ይቀንስ ነበር።»

«እናቴን ላምጣ ብዬ ጠይቄ ነበር።»

«እና?»

«ቤተሰብ ማለት ሚስትና ልጅ ነው፣ እናት አትገባም አሉኝ።»

ኮምፒውተሩን ትኩር ብሎ አየ። «ይሄ እንኳ እዚህ ቅጽ ላይ አይሞላም» አለ።

የመከረኝን ግን እናንተም ስሙ፤ ለሰው መጥፎ አላወራም። ማሞቂያውን ዝቅ አድርጉ። መስኮት የምትከፍቱ ከሆነ ማሞቂያውን ዘግታችሁ፣ ወለል አድርጋችሁ፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ክፈቱ። ድስት ክደኑ፣ ልብስ በቀዝቃዛ ውኃ እጠቡ።

እሱ ሲሄድ ዓይን የሚያየው ጭስ ትዝ አለኝ። የእናቴን ደረት ያየች የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ጭሱን ካልተውሽ ጭሱ አይተውሽም ብላታለች። የአጎቴን ልጅ ለመንኩትና የኤሌክትሪክ ምድጃ ከአምቦ በሚኒባስ ጭኖ አደረሰላት። የአገር ቤቱን ክረምት ሙሉ ስደውል ሳል አልሰማሁም። አንድ ነገር ሠራሁ ብዬ ነበር።

ባለፈው እሑድ ጠዋት ስደውል ሳሉ ተመልሷል።

«አዮ፣ ምድጃው ተበላሸ እንዴ?»

«ምን ይሆናል? ጨርቅ አልብሼ አስቀምጬዋለሁ።»

«እንጨት እያነደድሽ ነው?»

«እያነደድኩ ነው።»

«ጭሱ ይገድልሻል ተብለሻል እኮ!»

«ተብያለሁ። እስቲ ስማኝ። እንጨት ሳነድ አዴ ጫልቱ ጠዋት ጠዋት ከጎረቤት ገል ይዛ እሳት ልትጭር ትመጣ ነበር። ትቀመጣለች፣ ስለ ልጆቿ ታማርርልኛለች፣ ይረፍዳል። ከኤሌክትሪክ ምን ትጫር? ክረምቱን ሙሉ በሬን ያንኳኳ ሰው የለም።»

«ክብሪት የላትም?»

«ክብሪትማ እኔም አለኝ» አለችኝ።

ይህንን አማካሪውም በኮምፒውተሩ አያሰላውም። የጤና ጣቢያ ሠራተኛዋ ያለችውን ልደግምላት ስል፣ «ቆይ፣ መጣች» አለችና ስልኩን ሳትዘጋ አስቀመጠችው።

«አካም ቡልቴ?» የሚል የአዴ ጫልቱ የጠዋት ሰላምታ ሰማሁ። ዱካ ተሳበ። አንዷ እፍ ትላለች፣ አንዷ ታወራለች። ከዚያ እናቴ ሳለች፤ ረጅም ሳል ነው። ወዲያው ደግሞ ሳቀች። ከወጣሁ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። እሳቱን አጥፊው ልበላት ወይስ ልተዋት ሳልወስን፣ ማሞቂያዬን ዝቅ አድርጌ ካፖርቴን እንደለበስኩ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ቆየሁ።