ክኒን በጉርሻ

«እትዬ ዓባይነሽ! መድኃኒት ቆሎ ነው? ይንገሩኝ እስቲ! ቆሎ ነው ለጎረቤት የሚዘገነው?»

የጤና ጣቢያው ነርስ ባንተአምላክ ነው። ሲናደድ ድምፁ በአፍንጫው ይወጣል፤ «ቆሎ ነውውው?» እያለ እንደ ባጃጅ ጡሩምባ ይንጫረራል። ድንች ሻጯ ዓባይነሽም የዋዛ አይደለችም።

«ቀስ በል አንተ ልጅ! ሽንቴን ለቆሰበር ከተማ ሁሉ ልታውጅልኝ ነው?»

«ሻል ሲልዎት ያቆማሉ፣ የተረፈውን ያድላሉ። ይኸው፣ ጀርሙ መድኃኒቱን ለመደው! ኩላሊትዎ ጋ ደርሷል! ይሄ አዲሱ ካልሠራ እኔ ዘንድ ሌላ የለም። እስከ መጨረሻው ይዋጡት። ለብቻዎ!»

«ለብቻዎ» የምትለዋ ናት የከበደቻት።

ገበያው ውስጥ ድንች ተራ መጸዳጃ የለም። ወንዱ አጥር ጥግ ዞር ይላል፤ ሴቷስ? ጧት ውሃ ሳትቀምስ ትመጣለች፣ ቀኑን ሙሉ እግሯን ቆልፋ ጆንያ ላይ ትውላለች። ከዚያ ማቃጠሉ ይመጣል። «እኔማ የምሸናው በርበሬ ነው» ትላለች ዓባይነሽ፤ ሴቱ ሁሉ ይንከተከታል። ከሚስቁት ስንቷን እዚያው እያቃጠላት!

አጠገቧ የምትሸጠው ሽታዬ ግን አትስቅም። ባሏ አድማሴ ያን ወፍራም ድምፁን አውጥቶ «የሽንት በሽታ? ጨብጥ በይው እንጂ! ከማን አመጣሽው?» የሚል ሰው ነው። አንድ ቀን ጤና ጣቢያ በር ላይ ቆማ ቢያያት ልብሷን አውጥቶ ደጅ በተነው። ከዚያ ወዲያ የሽታዬ ሐኪም ዓባይነሽ ሆነች። ቀይና ጥቁሩን እንክብል ከነጠላዋ ጫፍ ትፈታና «እንኪ የኔ ዓለም፣ በሞቴ!» ብላ በእጇ ታጎርሳታለች። አንዷን ለሽታዬ፣ አንዷን ለራሷ። በሚያመው ሰው ፊት ለብቻ ይዋጣል እንዴ? ነውር ነዋ! ለሁለቱም ረገብ ይልላቸዋል፣ ከርሞ ይመለሳል።

ያን ቀን አዲሱን መድኃኒት ይዛ ገበያ ስትገባ ሽታዬ ጎኗን ይዛ ጆንያው ላይ ተጣጥፋለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«እቴ፣ ሰጠሽ?»

«ምን ይሰጠኛል? የለም አለኝ።»

ውሸቱ እንዴት ከዓባይነሽ አፍ እንደወጣ እንጃ። ቀስ ብላ ተነሳች፤ የገበያተኛው ፈረሶች ከሚታሰሩበት ጀርባ ሄዳ፣ ሌባ ይመስል አጎንብሳ፣ እንክብሉን ያለ ውሃ ዋጠች። ጉሮሮዋ ላይ ቆመባት። አፏን በነጠላዋ እየጠረገች ስትመለስ ሽታዬ ቀና ብላ አየቻት።

«ያለ ውሃ እኮ ያንቃል» አለቻት።

ይኸው ነው። አላኮረፈችም። ዓባይነሽ ግን ስድብ በሆነልኝ አለች በሆዷ።

«ተነሺ፣ አብሬሽ ልሂድ፣ ባንተአምላክ ሰው አይበላም» ብትላት፣ መልሷ ያችው «አድማሴስ?» ናት። ዓባይነሽ ከፈረሶቹ ጀርባ መዋጧን ቀጠለች፤ ሽታዬም ያኔ ፊቷን ወደ ድንቹ ታዞርላታለች።

አንድ ገበያ ሽታዬ ቀረች። በሚቀጥለውም ቀረች። አድማሴ «ምች ነው፣ ይለቃታል» እያለ ከነትኩሳቷ አስተኝቷት ከረመና መቃዠት ስትጀምር በባጃጅ ጤና ጣቢያ ይዟት መጣ። ባንተአምላክ ዓይኗን ገልጦ አየና «አሁን?» አለው። አልተረፈችም። ለቅሶው ላይ አድማሴን ብታዩት! ደረቱን እየደቃ «ምንም አላለችኝ እኮ! ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» ይላል። ዓባይነሽ ከሴቶቹ መሀል ሆና ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች።

መድኃኒቷን ጨርሳዋለች፣ አንዲት ፍሬ ሳታስቀር። አልዳነችም። በርበሬው ተመለሰ። አሁን ባንተአምላክ አይጮህም፤ ያ የአፍንጫ ድምፁ የት እንደገባ እንጃ። «ባሕር ዳር ሆስፒታል ልጻፍልዎት፣ ተኝተው በመርፌ ይሞከራል» ይላታል በለሆሳስ። የጻፈላትን ወረቀት ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራዋለች፣ እንክብሉ ይቋጠርበት በነበረው። አትሄድም። በጎኗ ያለውን ባዶ ቦታ ሌላ ሻጭ ቢጠይቃት «ሰው አለው» ትላለች።

የጻፍኩትን እስከዚህ ሳነብላት ዓባይነሽ ድንቿን እየለቀመች ሰማች።

«ባንተአምላክን የፈለግሽውን ያህል አስመስዪው፣ አድማሴንም እንደልብሽ በይው» አለች። «የፈረሶቹን ጀርባ ግን... የሽታዬ ልጆች ፊደል ቆጥረዋል፣ ያነቡታል። ተይኝ በናትሽ። በቃ፣ አትጻፊ።»