ነጯ የልጅ ልጄና የሐምሌ ፀሐይ

ቶሮንቶ ውስጥ ሐምሌ ሲገባ ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል። እኔ ግን እፈራው ነበር። በብርዱ ወራት ልጅቷ ተጠቅልላ ስለምትወጣ ከአፍንጫዋ በቀር የሚታይ ነገር የላትም። ሙቀት ሲመጣ እጅጌው ያጥራል፣ ቀሚሱ ያጥራል፤ ያን ጊዜ የሰው ዓይን ከእሷ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሷ መመላለስ ይጀምራል።

ልጅቷ የሴት ልጄ ልጅ ናት። ያን ጊዜ ሰባት ዓመቷ ነበር። አባቷ የዚሁ አገር ሰው ነው፤ ጸጉሩ ካሮት የሚመስል፣ ፊቱ ላይ ነጠብጣብ ያለበት። ልጄ ጠይም ናት፤ እኔ ደግሞ ከእሷም እጠቁራለሁ። ልጅቷ ግን አባቷን ይዛ ወጣች፤ ነጭ፣ የክንዷ ደም ሥር ከላይ የሚቆጠር። ስትወለድ አይቻት «እኛስ የት ገባን?» ብዬ ስቄ ነበር። ኋላ አገጯን አየሁት። የእናቴ አገጭ ነው፤ መሐሉ ላይ በጣት የተጫኑት የሚመስል። ስለዚያ አገጭ ማንም ከእኔ ጋር ሊከራከር አይችልም።

የምንኖረው ሪጀንት ፓርክ የሚባል ሰፈር ነበር። ልጄና ባሏ ሥራ ሲሄዱ ልጅቷን የማያት እኔ ነኝ። የወንድ ልጄም ሚስት ሕፃን ልጇን ጠዋት ጠዋት አምጥታልኝ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ሕፃኗ የዘጠኝ ወር ልጅ፣ ጥቁር፣ ክብ ፊት፣ ሳቂታ ናት። አንዷን ሳቅፍ ሌላዋን እጠራለሁ፤ ለአንዷ ሙዝ ስልጥ ለሌላዋ እቆርሳለሁ። ማበላለጥ አልወድም። ከልጅነቴ ጀምሮ አልወድም። አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን ያቋረጥኩት መምህሩ ለሀብታም ልጆች ወንበር እየሰጠ እኛን መሬት ስላስቀመጠን ነው። ተነሥቼ ወጣሁ፤ አልተመለስኩም።

ሰው ግን ያበላልጣል። በዚያው ሰሞን የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ፓርክ ውስጥ ምሳ አዘጋጅተው ሁለቱንም ይዤ ሄድኩ። አንዷ ሴት ከሩቅ እጇን ዘርግታ መጣች።

«እትዬ! ይቺን የመሰለች ልጅ! ምን ያለች ፈረንጅ ናት፣ ከዓይን ያውጣት!» አለችና ልጅቷን ጉንጯን ሳመቻት። ቀጥላ ጀርባዬ ላይ ያለችውን ሕፃን አየት አድርጋ፣ «እሷንም ያሳድግልዎት» አለች።

«እሷንም ቆንጆ ናት በያት፤ አፍሽ አይደክምም» አልኳት።

«ውይ እትዬ! አሁን እኔ ምን ክፉ ተናገርኩ?»

«ያልተናገርሽው ነው ክፉው።»

ሴትዮዋ ተቀይማ ሄደች። ልጄ በኋላ «እማዬ፣ ሰው አስቀየምሽ» ብላ ተቆጣችኝ። ይቀየሙ!

ፈረንጆቹ ዘንድ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ነው ያገኘሁት። እነሱ ሰመር የሚሉት የሙቀት ወራት ሲመጣ ሣር ላይ ተዘርግተው ይውሉና ክንዳቸውን እርስ በርስ ያስተያያሉ። የጠቆረ ይመሰገናል። የማይጠቁር ይሳቅበታል። የልጄ ባል ኢቶቢኮ በሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ይሠራ ነበር፤ በሐምሌ ረጅም ሱሪ የሚለብስ ፈረንጅ ከእሱ ሌላ አላየሁም። አንድ ቀን ቁምጣ ለብሶ ቢሄድ ጓደኞቹ «ኧረ መብራት አጥፉ፣ ዓይናችን ጠፋ!» እያሉ በካርቶን እግሩን ጋረዱበት። እየሳቀ ነው የነገረን። ቁምጣውን ግን ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ልጅቷም ላይ ያው ደረሰ። የግቢው ልጆች በሰመር ይበልጥ ይጠቁራሉ፣ ያምርባቸዋልም። እሷ ግን ትቀላለች፣ ትላጣለች፣ ተመልሳ ትነጣለች። «ጎስት ይሉኛል፣ እማማ» አለችኝ። ጎስት መንፈስ ማለት ነው። ወርጄ ልጆቹን ሰብስቤ ተቆጣኋቸው። በአማርኛ ነው የተቆጣሁት፤ ቢሆንም የገባቸው ይመስለኛል።

ይህ ሁሉ ለእኔ ትንሹ ነገር ነበር። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። በሕንፃችን ውስጥ መንግሥት ልጅ ይወስዳል የሚል ወሬ ነበር። አንዷ ጎረቤት የሰማችውን ትነግረኛለች፣ ሌላዋ ትጨምርበታለች። እኔ እንግሊዝኛ አልችልም። አንድ ቀን አንድ ሰው መንገድ ላይ አስቁሞኝ «ይህቺን ልጅ ከየት አመጣሻት?» ቢለኝ ምን ብዬ እመልሳለሁ? የምንወጣበት ቀን ሁሉ ይህ ከእኔ ጋር ይወጣ ነበር። እጇን አጥብቄ ስለምይዝ «ያመኛል» ትለኛለች።

የፈራሁት በዳንዳስ መንገድ በሚያልፈው ስትሪትካር፣ በከተማው ባቡር ላይ መጣ። ባርኔጣ ያደረገች ሴት ከፊታችን ተቀምጣለች። ደጋግማ አየችን። ከዚያ ወደ ልጅቷ ጎንበስ ብላ፣ ልስልስ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ጠየቀቻት። ልጅቷ መለሰችላት። ሴትዮዋ እኔን አየችኝ፤ ፈገግ አላለችም። እስክንወርድ ዓይኗን ከእጄ ላይ አላነሣችም።

«ምን አለችሽ?»

«ደህና ነሽ ወይ አለችኝ። እናትሽ የት አለች አለችኝ።»

«አንቺስ?»

«ሥራ አልኳት።» ጥቂት ሄደችና፣ «እማማ፣ ለምንድን ነው እንዳንቺ የማልጠቁረው?» አለችኝ።

«እግዜር ነው ያደለው» ብዬ አለፍኩት። አለማለፍ ነበረብኝ፤ ግን ቶሎ ቤት መግባት ነበር የፈለግኩት።

አሁን ወደ ዘይቱ ልምጣ። እኛ አገር ሕፃን ልጅ ጠዋት ዘይት ተቀብቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ አጥንቱ እንዲጠነክር። እኔም ሕፃኗን ጠዋት ጠዋት ቀብቼ በረንዳ ላይ አሞቃት ነበር። እናቷ አትወድም።

«እማማ፣ እባክዎ ፀሐይ አያስነኩብኝ። ዘይት ተቀብታ ፀሐይ ላይ ከዋለች በጣም ትጠቁራለች» አለችኝ አንድ ጠዋት።

«ትጥቆራ! አንቺ ጠቁረሽ ባል አጣሽ እንዴ?»

«እኔ የደረሰብኝ እንዳይደርስባት ብዬ ነው።»

«እግሯ ከሚጣመም ትጥቆር!»

ጮኸን ተከራከርን። ልጅቷ ጠረጴዛው ሥር ቁጭ ብላ በቀለም ትሥላለች። ትሰማናለች ብለን አላሰብንም።

በማግሥቱ፣ ሙቀቱ አስፋልቱን ባቀለጠበት ሰዓት፣ ልጅቷ ጎረቤት ካለችው ጓደኛዋ ጋር ልጫወት ብላ ሄደች። ሕፃኗን ሳስተኛ እኔም ሸለብ አደረገኝ። ስነሣ ጎረቤት ሄጄ አንኳኳሁ። አልመጣችም አሉኝ። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም።

ከሕንፃው ጀርባ ሣሩ ላይ ፎጣ አንጥፋ በሆዷ ተኝታለች። ጎኗ የምግብ ዘይቴ ጠርሙስ ቆሟል። ጀርባዋ፣ ትከሻዋ፣ የእግሯ ባት በርበሬ መስሏል። ስነካት ጮኸች።

ወደ ቤት አስገብቼ ነጠላዬን በቀዝቃዛ ውኃ ነክሬ አለበስኳት። ወዲያው ትከሻዋ ውኃ መቋጠር ጀመረ። ትንቀጠቀጣለች፣ ተሻላት ስል ታስመልሳለች። ለልጄ ደወልኩ፤ ሺፍት ላይ ስለሆነች አታነሣም። ሕፃኗን በጀርባዬ አዝዬ፣ ጥቁሩን ጃንጥላዬን ዘርግቼ፣ ልጅቷን በርጥብ ነጠላ እንደተጠቀለለች ይዤ ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ። እውነቱን ልናገር፣ መንገዱን ሁሉ ለልጅቷ ብቻ አልነበረም የፈራሁት። እዚያ ስደርስ ምን ይሉኛል እያልኩም ነበር።

ነርሷ ነጠላውን ገለጥ አድርጋ አየችና ፊቷ ተለወጠ። ልጅቷን ጠየቀቻት። አስተርጓሚዬ ያው የተቃጠለችው ልጅ ናት።

«ማን ነሽ ብላለች።»

«አያቷ ነኝ በያት።»

ነገረቻት። ነርሷ እኔን አየችኝ፣ እሷን አየቻት።

«ሪል አያት፣ እውነተኛ፣ ነሽ ወይ ብላለች።»

«ሪል ያልሆነ አያት ደግሞ ምን ዓይነት ነው? አገጭሽን አሳያት!»

ልጅቷ አገጯን ቀና አደረገች። ነርሷ አልገባትም። መታወቂያ ጠየቀችኝ፣ አሳየሁ። የት እንደምንኖር፣ እናቷ የት እንዳለች፣ ለምን እናቷ እንዳልመጣች ጠየቀችኝ። ከዚያ ሁሉ በኋላ፦

«ዘይቱን ማነው የቀባሽ ብላለች።»

ጀርባዬ ላይ ያለችውን ሕፃን ጠዋት የቀባኋት ዘይት አሁንም ያብረቀርቃል። ነርሷ ያን አይታ ምን ትገምታለች? ልጅቷ «ራሴ» አለች። ነርሷ አላመነችም መሰለኝ፣ ልጅቷን ብቻዋን መጋረጃው ውስጥ አስገባቻት። እኔን በእጇ «እዚህ ቁጭ በይ» አለችኝ።

ተቀመጥኩ። ርጥቡን ነጠላ እየጨመቅኩ ተቀመጥኩ። ወሬው ሁሉ መጣብኝ። በዚያ በር ሌላ ሰው ይገባል፣ ወረቀት ይዘረጋል፣ ልጅቷን በሌላ በር ያወጣታል እያልኩ በር በሩን አያለሁ። ስለ ጀርባዬ ልጅ ማንም አልጠየቀኝም። የማን እንደሆነች፣ እናቷ የት እንዳለች አልጠየቁም። ጥቁር ስለሆነች የእኔ መሆኗ ተረጋግጦላቸዋል።

ልጅቷ ቅባት ተቀብታና በፋሻ ተሸፍና ወጣች። ወደ አባቷ ሥራ ቦታ ደውለው ነግረውታል፤ እሱ እስኪመጣ መሄድ አይቻልም ተባለ። አጠገቤ ተቀመጠች።

«ለምን እንዲህ አደረግሽ?»

«እንዳንቺ ልጠቁር ብዬ።»

«ለምን?»

«ያቺ ስትሪትካር ላይ ያለችው ሴትዮ ደግማ እንዲያ እንዳታይሽ።» እግሯን አወዛወዘች። «የቤቢዋ እናት ዘይት ስትቀቢያት ትጠቁራለች አላለችም?»

«ሁለተኛ እኔን ለመምሰል ራስሽን ብታቃጥይ፣ እኔው ራሴ ነኝ የምገርፍሽ» አልኳት እያለቀስኩ።

«ከቃጠሎው በላይ?»

«ከቃጠሎው በላይ!»

ልትስቅ ብላ ትከሻዋ አመማት።

አባቷ ከኢቶቢኮ እስኪደርስ ብዙ ቆየ። አቧራ የለበሰ ሱሪውን እንዳደረገ፣ እያለከለከ ገባ። ነርሷ ገና ስታየው ተነሣች፤ ፊቷ ፈታ አለ። የመድኃኒቱን ወረቀት በእጁ ሰጠችው፣ ቅባቱን እንዴት እንደሚቀባ ነገረችው፣ ደህና ሁኑ ብላ በሩን አሳየችን። ስሙን እንኳ አልጠየቀችውም።

የልጅቷን እጅ ይዤ ቆምኩ።

«እሱንም ትጠይቀው በያት።»

«ምን?»

«እኔን የጠየቀችኝን በሙሉ። ሪል አባት ነህ ወይ ትበለው።»

«እማማ፣ በቃ እንሂድ። ያመኛል።»

ይሄኔ ልቤ ተከፈለ። ልጅቷ መቆም አልቻለችም፤ እኔ ደግሞ እንዲህ ሆነን ከወጣን ነገም ከነገ ወዲያም እኔ ብቻ ነኝ የምጠየቀው። «አንድ ጊዜ ብቻ፣ የኔ እናት» አልኳት። ነገረቻቸው። ነርሷ ቀላች። አባቷ ከእሷ ይበልጥ ቀላ፤ እሱ ሲቀላ እስከ ጆሮው ነው። የሚቆጣኝ መስሎኝ ነበር። እኔን አየኝ፣ ነጠላዬን አየ፣ ከዚያ የመንጃ ፈቃዱን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ልጅቷን በጥንቃቄ ወንበር ላይ አስቀምጦ ራሱ ቆመ። ጠይቂኝ ማለቱ ነው።

ነርሷ መንጃ ፈቃዱን አንሥታ መጠየቅ ጀመረች፤ ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚኖር፣ እናቷ የት እንዳለች። እንደ ተማሪ መለሰ። መጨረሻ ላይ እሱ ሥራ ሲሄድ ልጅቷ ከማን ጋር እንደምትውል ጠየቀችው። በእጁ ወደ እኔ አመለከተ። «ግራንድማዘር» አለ። ያቺን ቃል አውቃታለሁ።

ስንወጣ ፀሐይዋ ገና አልበረደችም። ጃንጥላውን ለልጅቷ ዘረጋሁ። አባቷ ከጎናችን ይሄዳል፣ አንገቱ መቅላት ጀምሯል። «ግባ» አልኩት በአማርኛ። ገባው። ቁመቱ ረጅም ስለሆነ ጎብጦ ከልጁ ጋር ጥላው ሥር ተሸጎጠ፤ እኔ ክንዴን ወደ ላይ ሰቅዬ ያዝኩላቸው። በመንገዱ ያለ ሰው ዞር እያለ ያየናል፤ ዝናብ የለም፣ ጃንጥላ አለ። ጀርባዬ ላይ ያለችውን ሕፃን ፀሐይዋ በደንብ አገኘቻት። እናቷ ብታይ ትጮህብኝ ነበር።

ስትሪትካሩ ላይ ወጣን። አንድ ወንበር ተገኝቶ እኔና ልጅቷ ተቀመጥን፤ አባቷ ኋላ ቆመ። ከፊታችን ያለ ሽማግሌ ከጋዜጣው ቀና ብሎ አየን። ምናልባት የሚያየው ፋሻውን ብቻ ነበር። ልጅቷ ግን ቀድማ እጄን ያዘችና በእንግሊዝኛ «አያቴ ናት» አለችው።

ሽማግሌው ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀና ወደ ጋዜጣው ተመለሰ። እኔ ግን እስክንወርድ በመስኮቱ ወደ ውጭ ነው ያየሁት። ማንም ሳይጠይቃት ነው የመለሰችው። ያን ሰመር፣ ከዚያም በኋላ፣ ሰው ቀና ብሎ ባየን ቁጥር እንዲህ ትል ነበር፤ እኔም በየጊዜው እጇን ላላ አድርጌ ለመያዝ እሞክር ነበር።